የአሥራ ሦስት ደቂቃው ለቅሶ

ደብረ ብርሃን ላይ በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲገባ የዞናችን የቲያትርና የሙዚቃዊ ድራማ ሽልማት ይካሄዳል። ቅዳሜ ከየወረዳው የመጡ የአማተር ክበባት ተራ በተራ ይጫወታሉ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዋንጫና ጋቢ ይሸለማል። እኔ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ የባህል ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ የድሮ ተማሪዬ ነው፣ ቤቴ ድረስ መጥቶ "ቲቸር፣ ዳኛ ይሁኑልን" አለኝ። ቤት ተቀምጬ ከራሴ ጋር ስነታረክ ከምውል ብዬ እሺ አልኩ።

ዳኞቹ ሦስት ነን። አንዱ በዩኒቨርሲቲው ቲያትር የሚያስተምር ወጣት ነው፤ ከቆላ አገር የመጣ ስለሆነ ብርዳችንን ሊለምደው አልቻለም፣ አዳራሽ ውስጥም ኮፍያውንና ጓንቱን አያወልቅም። ሁለተኛው ድሮ በኦርኬስትራ ሳክስፎን ይነፉ የነበሩ አዛውንት ናቸው። ሙዚቃውን የሚዳኙት እሳቸው ናቸው፤ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ስለሚጨፍኑ ተኝተው ይሁን ነቅተው የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው። ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ። ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ አልክድም።

ከነጥቡ ሌላ ሰዓት የምይዘውም እኔ ነኝ። ይህን ሥራ ማንም አልሰጠኝም፣ ራሴ ነኝ የወሰድኩት። በመጀመሪያው ዓመት የለሚ ክበብ ያቀረበው ተውኔት ሦስት ሰዓት ፈጀ። ዋናው ሰውዬ ሞተ፣ አጨበጨብን፣ ተነሳን። ለካ ደራሲው ያልጨረሰው ነገር ኖሯል፤ ሰውዬው በሕልም ተመልሶ መጣና ሚስቱን መክሮ እንደገና ሞተ። ሦስተኛውን ሞት ሲሞት አዳራሹ ውስጥ የቀረነው ዳኞቹና የተዋንያኑ ዘመዶች ብቻ ነበርን፣ እግሬ በብርድ ደንዝዞ ደረጃውን የወረድኩት ሰው ደግፎኝ ነው።

በበነጋው ሕግ አወጣሁ። አንድ ተውኔት ሃምሳ ደቂቃ። ከዚያ በላይ ላለፈች ለእያንዳንዷ ደቂቃ አንድ ነጥብ ይቀነሳል፤ ያውም ከቡድኑ ነጥብ ብቻ አይደለም፣ ከደራሲው፣ ከአዘጋጁ፣ ከተዋናዩ፣ ከሁሉም። ወጣቱ መምህር ያን ጊዜ ተከራክሮኝ ነበር። "እትዬ፣ ደራሲው ላስረዘመው ተዋናይዋ ምን አድርጋ ነው የምትቀጣው?" አለኝ። "አብራ ትቀጣ! ያኔ ደራሲውን ራሷ ታሳጥረዋለች" ብዬ አፉን አዘጋሁት። እውነትም ከዚያ ወዲህ ተውኔቶቹ አጠሩ። ጡረታ ከወጣ የስፖርት መምህር በተረከብኳት የሩጫ ሰዓት እለካለሁ፤ አዳራሽ ስገባ የክበቦቹ ልጆች "ሰዓቷ መጣች!" ሲባባሉ እሰማለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

ባለፈው ታኅሣሥ ግን ውድድሩ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። በጥሪ ደብዳቤው ላይ እንዲህ ተጻፈ፦ በሴት ተዋናይነት አንደኛ የምትወጣው በዞኑ የባህል ቡድን ውስጥ በቋሚነት ትቀጠራለች። ቋሚ ቅጥር! ዲግሪ ይዞ የሚንከራተተው ስንትና ስንት ሆኖ ሳለ፣ በዚህ ዘመን ቋሚ ቅጥር ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የየወረዳው ክበብ ሴት ተዋናይ ሁሉ ታጥቃ ተነሳች።

ዓርብ ዕለት ምዝገባ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ የአንኮበሩ ክበብ መሪ መጣ። የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፣ ቀጭን፣ ሲናገር ጣቶቹን የሚያፍተለትል ሰው። ከኋላው አንዲት አጠር ፈርጠም ያለች ልጅ የአልባሳቱን ጓዝ ታቅፋ ቆማለች።

"እትዬ፣ አንዲት ነገር ብቻ ልንገርዎት" አለኝ ዝቅ ብሎ።

"ስለ ተውኔቱ ነው?"

"አይ፣ ስለ ልጅቷ ነው።"

"እንግዲያው ተወው" አልኩት። እሱ ግን ሳላቋርጠው ልጨርስ ብሎ ነው መሰለኝ በአንድ ትንፋሽ አወረደው። ዋናዋ ተዋናይ ይቺው ናት፣ ጎረበላ ከተማ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ትሠራለች፣ አባቷ ዓረብ አገር ሊልካት ፓስፖርቷን አስወጥቶ፣ ከደላላው ጋር ተነጋግሮ ጨርሷል። ቲያትሩን አልተውም ብላ አልቅሳ ለምና እስከዚህ ውድድር ድረስ ብቻ ታገሠላት። "ከቀጠሩሽ ቅሪ፣ ካልቀጠሩሽ ትሄጃለሽ" ነው ያላት።

ደሜ ፈላ። "ዳኛ ይህን መስማት የለበትም! የሌሎቹን ችግር ማን ይነግረኛል? የለሚዋ ችግር የላትም? የሰላ ድንጋይዋ ከሰማይ የወረደች ናት? ተውኔታችሁ ስንት ደቂቃ ነው?"

"አርባ ስምንት።"

"አርባ ስምንት ከሆነ ምን ያንቀጠቅጥሃል? ፈርምና ሂድ።"

ፈረመ። ልጅቷ ከጓዙ በላይ አየችኝ፣ እጅ ነሳችና ተከትላው ሄደች። ያልተቆጣች መሆኗ አናደደኝ። የሰማሁትን መልሼ አለመስማት አልችልም፤ ስለዚህ ማታውን ለራሴ ማልኩ፣ ላላዝንላትም ላልጨክንባትም፣ ልክ እንደማንኛዋም ላያት።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። መግቢያው በነፃ ስለሆነና ውጪው ስለሚበርድ፣ ሸጠው የጨረሱትም ያልጨረሱትም ገበያተኞች አዳራሹን ይሞሉታል። ቅርጫት፣ ጆንያ፣ ያልተሸጠች ዶሮ ይዘው ገብተው ወለሉ ላይ ሳይቀር ይቀመጣሉ። እነዚህ ሴቶች ቲያትር ሲያዩ ዝም ብለው አያዩም። ክፉውን ሰው ይራገሙታል፣ ለሙሽራዋ እልል ይላሉ፣ ተደብቆ የሚያዳምጠውን "ኧረ ከበሩ ኋላ ነው!" ብለው ያጋልጡታል። ወጣቱ መምህር የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሊያስተምራቸው ሞክሮ ነበር። አሁን ትቶታል።

ስምንት ሰዓት ላይ የአንኮበር ተራ ደረሰ። ሰዓቴን ተጫንኩ፣ መጋረጃው ተከፈተ። አንድ ግቢ፣ ሁለት በር፣ በመሐል ግድግዳ። ሁለት እህትማማቾች አባታቸው የተወላቸውን ግቢ ተካፍለው፣ ድንበሩ ላይ ተጣልተው ግድግዳ አቆሙ፣ ከዚያም ተኮራረፉ። ጎረቤቶቹ ከግራና ከቀኝ ወሬ እያመላለሱ ይዘፍናሉ። ዘፈኑ ጥሩ ነበር፣ ሽማግሌው ዳኛ እንኳ ዓይናቸውን ገለጡ። ልጅቷ ታላቅየዋን ሆና ነው የምትጫወተው። እጣቢ ውኃዋን አሾልቃ ወደ እህቷ በር ስትደፋ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔም ሳቅሁ። ትንሽ ቆይቼ ግን ዓይኔን ከእሷ አንስቼ ግድግዳውን ማየት ጀመርኩ።

እኔም እህት ነበረችኝ። አባታችን የተወልንን ግቢ ለሁለት ተካፍለን፣ በመሐል ግድግዳ አቁመን፣ በዚያ ግድግዳ ሰበብ ሰባት ዓመት ሳንነጋገር ኖረናል። ማን ጀመረው ብትሉኝ እኔ ነኝ። ማታ ማታ ከግድግዳው ወዲያ ስታስል እሰማታለሁ። ምን ነካት ብዬ ልጆቿን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ሐምሌ ላይ ሳሉ ቆመ። ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ፣ ዓይኔ ደረቅ እንደሆነ ሦስቱም ቀን አለቀ። አንዷ ዘመዳችን "ልቧን ምን አደነደነው በሉ" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ እህቴ ማንም አላነሳብኝም፣ እኔም አላነሳሁም። የአንኮበሮቹ ልጆች ይህን ከየት ያውቁታል? አያውቁም። ስንት ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ግድግዳ አለ።

ተውኔቱ አርባኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ ወደ ታላቅየዋ በር መጡ። መርዶ ነው። ልጅቷ ወንፊት በእጇ ይዛ ወጣች። ነገሯት። እኔ ስንት መርዶ መድረክ ላይ አይቻለሁ፣ ሁሉም ይጮኻሉ፣ ሁሉም ይወድቃሉ። ይቺ አልጮኸችም። ወንፊቷን ቀስ ብላ አስቀመጠች፣ ግድግዳውን ዞረች፣ የሟች እህቷን በር አንኳኳች።

"ክፈቺ" አለች። "ክፈቺልኝ እንጂ። ለጠብ አይደለም የመጣሁት።"

ከዚያ በሩ ላይ ግንባሯን አስደግፋ ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ከበሮ ሙሾ ማውረድ ጀመረች፦

ደጅሽ ከደጄ ጎን ጭስሽ ከጭሴ ጋር፣
ምናለበት ነበር አንዴ ብንነጋገር።

ምን እንዳደረግሁ ያወቅሁት ካደረግሁት በኋላ ነው። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለብሼ፣ የዳኞቹን ጠረጴዛ ትቼ፣ ሦስቱን ደረጃ ወጥቼ "እህቴን! እህቴን!" እያልኩ ልጅቷ ትከሻ ላይ ወደቅሁ። አምስት ወር የዘጋኝ እንባ በአንድ ጊዜ ነው የመጣው። ስንት ሰው እንደሚያየኝ አላሰብኩም፣ የት እንዳለሁም አላሰብኩም።

የእኛ አገር ሰው ደግሞ ለቅሶ ሲነሳ ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፣ መጀመሪያ ያለቅሳል። ገበያተኞቹ አንዲት አሮጊት ነጠላዋን ዘቅዝቃ እየጮኸች ስትወጣ ሲያዩ ከፊሎቹ የእውነት መርዶ ነው ብለው፣ ከፊሎቹ ደግሞ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ፣ ነጠላቸውን እየዘቀዘቁ ተከተሉኝ። አርባ ይሁኑ ሃምሳ እንጃ፣ መድረኩ ሞላ። ዶሮዋን ያልሸጠች አንዲት ሴትዮ ዶሮዋን እንደታቀፈች ደረቷን በአንድ እጇ ትመታለች። ወንዶቹ ከታች ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ።

ልጅቷ አልገፋችኝም። ከሚናዋም አልወጣችም። በአንድ እጇ ወገቤን ደግፋ ሌላ ግጥም አነሳች፦

ግድግዳው ይፈረስ መሐል ላይ ያቆምነው፣
አንቺ ከሄድሽማ ከማን ሊለየኝ ነው።

ይኼኔ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እሷም አብራኝ ቁጭ አለች፣ ሌላ ደገመች፣ ሌላም ሠለሰች። ሴቶቹ ተቀበሏት። የተባለው ሁሉ ትዝ አይለኝም፤ እህቴን በስሟ እንደተጣራሁ ግን አስታውሳለሁ፣ በሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ።

በመጨረሻ ከተዋንያኑ ሽማግሌ ሆኖ የሚጫወተው ልጅ፣ ጥጥ ጢሙ በላብ እየተላቀቀ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚባለው "በቃችሁ፣ እግዜር ያጽናችሁ፣ አረፍ በሉ" አለ። ሴቶቹም አረፍ አሉ፣ እዚያው መድረክ ላይ! ተውኔቱ እስኪያልቅ ድረስ ከመካከላቸው እየተሽሎከሎኩ ነው የተጫወቱት። እኔ ወንበሬ ላይ ተመልሼ ፊቴን ስጠርግ ሰዓቷ ጠረጴዛው ላይ እየቆጠረች ነበር። መጋረጃው ሲዘጋ አቆምኳት። ስልሳ ሦስት ደቂቃ።

ማታ ሦስታችን ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቢሮ ነጥብ ልንደምር ተቀመጥን። ልጅቷ በትወና ሦስታችንም ጋ ከፍተኛውን አግኝታለች፣ የሚጠጋት አልነበረም። እኔ የሰዓቱን ዓምድ ሞላሁ። አንኮበር፣ ያለፈ ደቂቃ፣ አሥራ ሦስት። ሲቀነስ ሦስተኛ ሆነች። የሰላ ድንጋይዋ አንደኛ ወጣች።

ወጣቱ መምህር ጓንቱን አወለቀ። "እትዬ፣ ያስረዘመው ቡድኑ አይደለም እኮ፣ ሰው ነው መድረክ ላይ ወጥቶ..."

"ተመልካቹን መያዝ የቡድኑ ሥራ ነው" አልኩት።

"ሰዉ የወጣው ግን..." ብሎ ዓይኔን አየ። እኔም ትክ ብዬ አየሁት። አልጨረሰውም። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠራርገው "ሕጉ የሚለውን እናድርግ እንግዲህ" አሉና መስኮቱን ማየት ጀመሩ።

አሁን ላይ ሆኜ ሳስበው አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች የምትበቃኝ። "ያስነሳኋቸው እኔ ነኝ፣ ደቂቃው ከእኔ ይቆጠር" ማለት። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ግን እንዲህ ካልኩ ዳኛዋ ጠረጴዛዋን ጥላ መድረክ ላይ ስታለቅስ ነበር ተብሎ ቃለ ጉባኤ ሊያዝ ነው። ለምን አለቀስሽ ሊባል ነው። እህቴ ልትነሳ ነው። ሐፍረቴን መሸፈኛ ያገኘሁት ሕጌን ነው፣ ፈረምኩ።

እሑድ ፀሐይ ወጥታ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ባለ ቀለም ወረቀት ተለጥፏል፣ የወጣቶች ባንድ ይነፋል፣ እንግዶቹ ከፊት ተደርድረዋል። የሰላ ድንጋይዋ ልጅ ስሟ ሲጠራ እየዘለለች ወጣች፤ ጋቢ አለበሷት፣ የቅጥሩን ደብዳቤ ኃላፊው በእጁ ሰጣት፣ እናቷ ከታች እልልታዋን አቀለጠችው። ምንም ያጠፋችው ነገር የለም፣ ጥሩ ተጫውታለች። የትናንቶቹ ገበያተኞች እሑድ ስለሆነ አልመጡም፤ የነበሩት ጥቂቶች ግን "የአንኮበሯስ? ያቺ ያስለቀሰችንስ?" ማለት ጀመሩ። ለአንኮበር የተሳትፎ ምስክር ወረቀት ተሰጠ። የክበቡ መሪ ወጥቶ ተቀበለ፣ ሲያልፍ አላየኝም።

ልጅቷ ከመሐል ቆማ ታጨበጭብ ነበር። ለይምሰል አይደለም፣ እጇን አንስታ ነው። አጠገቧ ጋቢ የደረቡ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው አሉ። አባቷ መሆናቸውን መልካቸው ይናገራል። ክፉ ሰው አይመስሉም። ጭብጨባው ሲያበቃ በጆሮዋ አንድ ነገር አሏት፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ተያይዘው ወጡ።

ይግባኝ ማቅረቢያው ሦስት ቀን ነው። ሦስቱንም ቀን ስልኬን እያየሁ ዋልኩ። የአንኮበሮቹ ይግባኝ ይሉና በእነሱ ሰበብ እውነቱ ይወጣል፣ እኔም ተጠይቄ ነው የተናገርኩት እላለሁ፤ ተስፋዬ ይቺ ነበረች። እንዲህ ያለ ፈሪ መሆኔን አላውቅም ነበር። ማንም ይግባኝ አላለም። እንግዲያው ማንም አላየኝም አልኩ፤ አርባ ሴት ተግተልትሎ ሲወጣ ማን ቀደመ ማን ተከተለ ማን ያስታውሳል? በዚህ ራሴን እያታለልኩ ገናም ጥምቀትም አለፈ።

ጥር ሊያልቅ ሲል ግን አልቻልኩም። አንድ ገጽ ጻፍኩ። ሰዓት የምይዘው እኔ ነኝ፣ ቦታዬን ትቼ መድረክ ላይ ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነኝ፣ አሥራ ሦስቱ ደቂቃ የእኔ ጥፋት ነው። ወስጄ ለኃላፊው ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበውና በሩን ዘጋ።

"ቲቸር፣ ይህን አሁን ምን ላድርገው?"

"አስተካክለው።"

"መደቡ እኮ ተይዟል። የሰላ ድንጋይዋ ልጅ ሥራ ጀምራለች፣ ከደሞዟ ለእናቷ ትልካለች። እሷን አውጥቼ ሌላዋን ላስገባ? ምን አጥፍታ?" ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። "ዳኝነቱን አይፈልጉት እንደሆነ ይተዉት። ይኼን ግን ይቅደዱት።"

እውነቱን ነው። ክፍል ውስጥ ስቀጣው የኖርኩት ልጅ ልክ ሆኖ እኔ ስሳሳት መቼም ያንገበግባል። ዳኝነቱን እዚያው ለቀቅሁ። ወረቀቱን ግን አልቀደድኩትም፤ በማግሥቱ ጠዋት ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ የአንኮበር ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ የምላትን ሳሰናዳ ነበር። ትሰድበኛለች፣ ትስደበኝ። ታባርረኛለች፣ ታባርረኝ። ሄዳ ካልሆነ በስተቀር።

አልሄደችም። ጎረበላ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ሻይ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ፣ ራሷ መጣች። አወቀችኝ። "እትዬ! እንዴት መጡ በዚህ ብርድ?" ብላ እጅ ነስታ፣ ሳላዝዛት ሻይ አምጥታ፣ ጠረጴዛውን ወለወለች። ፀጉሯን አሳጥራዋለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፣ ዓረብ አገር የሚሄዱ ልጆች ፀጉራቸውን እንደሚቆረጡ አውቃለሁ።

"ቁጭ በይ" አልኳት። ባለቤቱን በዓይኗ ጠይቃ ተቀመጠች። ወረቀቱን አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩ፣ ግን እስክታነብ አልጠበቅሁም፣ በቃሌ ነገርኳት። "ሥራሽን የወሰድኩብሽ እኔ ነኝ። መጀመሪያ የተነሳሁት እኔ ነኝ፣ ሰዉ የተከተለው እኔን ነው። ያንን እያወቅሁ ነው አሥራ ሦስቱን የጻፍኩብሽ።"

ልጅቷ ወረቀቱን ሳታነብ ወደ እኔ መለሰችው። "አውቃለሁ እኮ፣ እትዬ" አለች።

"ምኑን?"

"መጀመሪያ የወጡት እርስዎ እንደሆኑ። ፊት ለፊቴ ነው የወጡት። የክበባችን ልጆች ሁሉ አይተዋል። መምህራችን ይግባኝ ሊጽፍ ወረቀት አውጥቶ ነበር፣ እኔ ነኝ የከለከልኩት።"

ክው አልኩ። ሁለት ወር ሙሉ ማንም አላየኝም እያልኩ ስደበቅ፣ ለካ አንድ ክበብ ሙሉ ሰው ሲሸፍነኝ ኖሯል። "ለምን?" አልኳት፤ መቆጣት የማይገባኝ ቦታ ላይ ተቆጣሁ። "ለምን ትከለክያለሽ? ሥራው እጅሽ ገብቶ ነበር! አባትሽ ያሉሽን ታውቂያለሽ! አንዲት አሮጊት ብትዋረድ ምን ይቀርብሽ ነበር?"

ልጅቷ ጨነቃት፣ ዙሪያዋን አየች። "ኧረ እትዬ፣ ለቅሶ የመጣ ሰው ይከሰሳል እንዴ?" አለች። "እጅዎ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ የቲያትር እንዳልሆነ አውቄያለሁ። እህቴን ሲሉ ሰምቻለሁ።"

ሻዩን ልጠጣ ብርጭቆውን አነሳሁ፣ ሳልቀምሰው መልሼ አስቀመጥኩት። መቼ እንደምትሄድ ጠየቅኋት። "ማክሰኞ" አለች። "ቤይሩት ነው። የአክስቴ ልጅ አለችልኝ፣ አይክፋዎት።" አይክፋዎት ትለኛለች! ማንን ነው የሚከፋው?

ዝም ብዬ ልነሳ ነበር። ግን አንድ ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲከነክነኝ ኖሯል፣ ሳልጠይቃት መሄድ አልሆነልኝም። ሃምሳው ደቂቃ ማለፉን መድረክ ላይ ሆና ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም? አታውቅም ከሆነ ትንሽ ይቀልልኛል። ቀና ብላ አየችኝ።

"አውቅ ነበር" አለች። "መምህራችን ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ሰዓቱን ከፍ አድርጎ ያሳየኝ ነበር። አቁሚ፣ አቁሚ ይለኛል በእጁ። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ አለፈ አለኝ፣ ከዚያ ስምንት። በኋላ ተስፋ ቆርጦ ቁጭ አለ።"

"ታዲያ አንቺ ልጅ፣ ለምን አላቆምሽም?"

ጥያቄው ግራ የገባት መሰለች። የሻዩን ብርጭቆ ወደ እኔ አስጠጋች።

"እርስዎ ገና አልቅሰው አልጨረሱማ" አለችኝ።